ግማሽ ገጽ

እታለም ማንኛውንም ጽሑፍ ለባለጉዳይ ከመስጠቷ በፊት በአውራ ጣቷ ጫፍ አንዴ ታሸው ነበር። ጣቷ ጥቁር ከያዘ ወረቀቱ ይቀራል፤ ካልያዘ ይሄዳል። ልማዱን ያመጣችው ከታይፕ ዘመኗ ነው፤ አዲስ ሪባን የገባለት ታይፕ ቀለሙ ቶሎ አይደርቅም። ስለ ሌዘር ፕሪንተር የመጀመሪያውን ትምህርት ያገኘሁት ከዚያች ጣት ነው።

ጊዜው የ1995 ዓ.ም. ክረምት ነበር። አስረኛ ክፍል ተፈትኜ ውጤት እጠብቃለሁ። አጎቴ፣ እኔ ጋሼ የምለው፣ እስቴ መካነ ኢየሱስ ለብዙ ዓመታት በጸሐፊነት ከሠራ በኋላ ወደ ነፋስ መውጫ መጥቶ መናኸሪያው አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራየ። አንድ ያገለገለ ኮምፒውተር፣ አንድ ያገለገለ ፕሪንተር፣ አብራው ትሠራ የነበረችው እታለም ከነታይፗ፣ እና እኔ። ቤቱ ይኸው ነበር።

ፕሪንተሩን ከደብረ ታቦር ይዘን የመጣነው በአውቶቡስ ነው። ጋሼ ከጣሪያ ላይ ጭኑልኝ አላለም። በጋቢ ጠቅልሎ ጭኑ ላይ አስቀምጦት ጉናን ዞርን። መንገዱ በተንገጫገጨ ቁጥር በሁለት እጁ ያቅፈዋል። ጋፋት ላይ የተሠራው ሴባስቶፖል፣ ወደ 7 ቶን የሚመዝነው መድፍ፣ በ1860 ዓ.ም. በጋይንት በኩል ወደ መቅደላ መጎተቱን ያጫወተኝ ያን ቀን ነበር። «ያን ተሸክመውታል፤ እኛን ይቺ አታቅተንም» አለኝ። ጭኑ እስኪደነዝዝ ድረስ ከላዩ አላወረደውም።

ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ያልፋል። በሐምሌ ጉሙ በር ሲከፈት አብሮ ይገባል። እኛ ይህን ለምደነዋል፤ ፕሪንተሩ ግን አልለመደውም። ማለዳ የሚወጣው ወረቀት ለዓይን ያማረ ሆኖ እታለም ስታሸው ፊደሉ እንደ ጥላሸት ይነሳል። ጋሼ ቀለሙ የተበላሸ መስሎት ሁለት ቀን አዘነ። ኋላ ነገሩን ደረስንበት። ቶነር የሚባለው ቀለም ሳይሆን ደቃቅ የፕላስቲክ ዱቄት ነው። ወረቀቱ ላይ መጀመሪያ እንዲሁ ተበትኖ ይቀመጣል፤ ከዚያ ወደ 200 ዲግሪ በሚጠጋ ትኩስ ሮለር ሥር ሲያልፍ ይቀልጥና ይጣበቃል። የእኛ ወረቀት ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ መሬት ላይ ሲቀዘቅዝና እርጥበት ሲጠጣ ያድራል። ትኩሱ ሮለር ያለውን ሙቀት ወረቀቱን ለማሞቅ ይጨርሰዋል፤ ለዱቄቱ አይተርፍም። ከዚያ በኋላ ወረቀቱን ከወለል አንስተን መደርደሪያ ላይ አወጣነው። ጠዋት ጠዋት ባዶ ወረቀት አራት አምስት ጊዜ እናሳልፋለን። የእታለም ጣት ነጻ ሆነ።

ጋሼ አንድ ነገር ሲበላሽ አይጣደፍም። «ባልና ሚስት ሲጣሉ ሽማግሌ መጀመሪያ ሁለቱን ለየብቻ ነው የሚሰማ» ይል ነበር። ይህን ሲል የፕሪንተሩን ወፍራም ኬብል ከኋላ ይነቅላል። በኮምፒውተሩ በኩል 25፣ በፕሪንተሩ በኩል 36 መገናኛ ያለው፣ ክንዴን የሚያህል ኬብል ነበር። ከዚያ ፕሪንተሩ ላይ ያለችውን ቁልፍ ተጭኖ ይይዛል፤ ፕሪንተሩም ከራሱ የሙከራ ገጽ ያወጣል። ገጹ ደህና ከሆነ ፕሪንተሩ ጤነኛ ነው፤ ጥፋቱ ኬብሉ ጋ ወይም ኮምፒውተሩ ጋ ነው። ያው ጉድለት ከታየ ደግሞ ኮምፒውተሩን መነካካት ከንቱ ድካም ነው። ዛሬም ድረስ ማንኛውም መሣሪያ እምቢ ሲለኝ መጀመሪያ የምነቅለው ገመዱን ነው።

እንዲህ እየጠየቅን ብዙ ተማርን። ወረቀት መሳብ ሲያቅተው ሳቢውን ጎማ በረጠበ ጨርቅ መጥረግ ይበቃል፤ አቧራ ነው የሚያዳልጠው። ገጹ ላይ አንዲት ነጥብ ደጋግማ ስትወጣ ማስመሪያ አምጥተን በሁለቱ ነጥቦች መካከል ያለውን ርቀት እንለካለን፤ ያ ርቀት የጥፋተኛው ሮለር ዙሪያ ነው። በእኛው ፕሪንተር 75 ሚሊ ሜትር ከሆነ ድራሙ ተጭሯል ማለት ነው። እታለም ማስመሪያው ላይ 75ቷን በእስክሪብቶ ከበበችልኝ። ድራሙን አውጥተን ስናይ ብርሃን እንዳያገኘው የምትሸፍነው በጥቁር ሻሿ ነበር፤ ብርሃን ይጎዳዋል።

ወደ ዋናው ልምጣ። አንድ ማለዳ ከታች ጋይንት ቆላ አንድ አባት መጡ። በእግራቸው ሌሊት ተነስተው አርብ ገበያን አልፈው የመጡ ናቸው። የወረዳውን ፍርድ ቤት ውሳኔ በፌስታል ጠቅልለው ይዘዋል። ለይግባኝ የተሰጠው 60 ቀን ሊሞላ ሦስት ቀን ቀርቶታል፤ ማመልከቻው ደብረ ታቦር መድረስ አለበት። እታለም ጻፈችላቸው፤ አንድ ሙሉ ገጽ ሆነ። ፕሪንተሩ አጓራ፤ ወረቀቱ ወጣ። ግማሹ ጽሑፍ፣ ግማሹ ባዶ። ብርቱካናማዋ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች። ደገምን፤ ያው። ኬብሉን ነቅለን የሙከራ ገጽ አወጣን፤ አንድም እንከን የለበትም። ኬብሉን ጠበቅ አድርገን መለስነው፤ ያው ግማሽ ገጽ።

ከስማዳ ወገዳ የመጣ አንድ መምህር እዚያው ወረፋ ይዞ ነበር፤ በእንግሊዝኛ ያዘጋጀውን የሥራ ማመልከቻ በዲስኬት ይዞ። አባትየው «የእሱ ይቅደም፤ እኔ እቆያለሁ» አሉ። የመምህሩን ሰጠነው። ከላይ እስከ ታች ሙሉ ገጽ ወጣ፤ ምንም ሳይጎድል።

እኔ ግራ ገባኝ። «እታለም፣ እንግሊዝኛው ሙሉ ወጥቶ የእኛ ለምን ይቆረጣል?»

«እኔ ምን አውቄ፣ የኔ ጌታ» አለች። ቀጥላ ግን ወደ ታይፗ ዞረች። «የእነሱ ፊደል ጥቂት አይደል? በዚህም እኮ ያው ነበር። ለእኛ አልበቃ ብሎ እየቀጣጠልን ነው የምንመታ።»

እውነቷን ነበር። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ ታይፕ ለመሥራት ሲነሡ የገጠማቸው ችግር ይኸው የፊደላችን ብዛት ነው። በእታለም ታይፕ ላይ ፊደል ሙሉ ሆኖ አይገኝም፤ መጀመሪያ ግንዱ ይመታል፣ ከዚያ ቅጥያው ይጨመርበታል። ኮምፒውተርም ሲመጣ ያው ጥያቄ ተከተለው። የዚያን ዘመን አንድ የፊደል ፋይል የሚይዘው 256 ቦታ ብቻ ስለሆነ የአማርኛ ሶፍትዌሮች ፊደላችንን ከአንድ በላይ ፋይል ውስጥ ከፋፍለው ያስቀምጡት ነበር።

ጋሼ የፕሪንተሩን መመሪያ ከመሳቢያ አወጣ። እኔ መዝገበ ቃላት ይዤ ስለ ብርቱካናማዋ መብራት የተጻፈውን ቃል በቃል ፈታሁ። «ሜሞሪው ሞልቷል» ይላል። ሜሞሪን ስፈልግ መዝገበ ቃላቱ «ትውስታ፣ ትዝታ» አለኝ። እታለም ቀና ብላ «ትዝታ ሞልቶበት ነው?» አለች። በዚያች ክፍል ውስጥ አሁንም የምሰማት ድምፅ ይህቺ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእንግሊዝኛውን ፊደል ፕሪንተሩ ከፋብሪካው ይዞት ተወልዷል። ኮምፒውተሩ «ኤ ጻፍ» ቢለው ይበቃዋል። ሀሁን ግን አያውቅም፤ ስለዚህ የአማርኛው ገጽ እንደ ሥዕል፣ ነጥብ በነጥብ ነበር የሚላክለት። ገጹን ሥሎ ለመጨረስ በሐሳቡ መያዝ አለበት። ጋሼ በእርሳስ አሰላው። በአንድ ኢንች 600 ነጥብ ከሆነ አንድ ኤ4 ገጽ ወደ 35 ሚሊዮን ነጥብ ይሆናል፤ ይህም ከ4 ሜጋባይት በላይ ነው። የእኛው ፕሪንተር ያለው 2 ሜጋባይት። በ300 ነጥብ ግን 9 ሚሊዮን እንኳ አይሞላም፤ 1 ሜጋባይት ገደማ ነው። ይገባል።

300 ነጥብ ትንሽ ነገር አይደለም። ጋሪ ስታርክዌዘር የተባለ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1971 በዜሮክስ የምርምር ማዕከል የመጀመሪያውን ሌዘር ፕሪንተር ሠርቶ ካሳየ ከ13 ዓመት በኋላ፣ በ1984 ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው የኤችፒ ሌዘርጄት ለገበያ ሲቀርብ በ300 ነጥብ ነበር የሚያትመው። ዓለም የተደነቀበት ጥራት ለአንድ ይግባኝ እንዴት ያንሳል? ይህን ታሪክ ያነበብኩት ከዓመታት በኋላ ነው። በዚያ ጠዋት የማውቀው ጋሼ 600 የሚለውን ወደ 300 ሲለውጥ እጁ መንቀጥቀጡን ብቻ ነው።

ፕሪንተሩ እንደገና አጓራ። ወረቀቱ ቀስ እያለ ወጣ፤ ርዕሱ፣ የይግባኝ ባዩ ስም፣ የመልስ ሰጪው ስም፣ የክርክሩ ፍሬ ነገር፣ ከዚያ ከዚህ ቀደም ያላየነው የታችኛው ግማሽ፣ እስከ ፊርማው ቦታ። መምህሩ ጉዳዩን ቢጨርስም አልሄደም፤ ቆሞ አብሮን ይጠብቅ ነበር። ብርቱካናማዋ መብራት ጠፋች።

አባትየው ከእኛ ቀድመው እጃቸውን ዘረጉ። ማንበብ አይችሉም። ወረቀቱን በሁለት መዳፋቸው መካከል አድርገው ያዙት፤ ጉሙ ከውጭ በሩን ሞልቶታል፣ ጣቶቻቸው ከብርዱ ደርቀዋል። «ውይ፣ ትኩስ ነው እኮ» አሉ፤ «ከምጣድ እንደወጣ።» ከዚያ ጉንጫቸው ላይ አስጠጉት።

«ትንሽ ይቆዩኝ፣ አባቴ» አለች እታለም። ወረቀቱን በቀስታ ከእጃቸው ተቀብላ አውራ ጣቷን በመጨረሻው መስመር ላይ አንዴ አሸች። ጣቷን ገልብጣ አሳየቻቸው። ንጹሕ ነበር። መልሳ ሰጠቻቸው።