ሙሾው ይቆየን፣ ጥየቃው ይቅደም

በቁሙ ያለን ሰው ማልቀስ በእኛ ዘንድ ሟርት ነው። አንድ የተወደዱ አንጋፋ የእግር ኳስ አሰልጣኝ አልዛይመር እንደያዛቸው ሲሰማ ግን ደጋፊው የሚያደርገው ይኼንኑ ነው። ዋንጫ ያነሱበት የድሮ ፎቶ ከያለበት ይወጣል፤ «ታሪክ አይረሳዎትም» ይባላል፤ የሻማና የእንባ ምልክት ይደረደራል፤ በሦስተኛው ቀን ሁሉም ወደ ዝውውር ወሬው ይመለሳል። አሰልጣኙ ይህን ሁሉ ጊዜ ቤታቸው አሉ። የተጻፈላቸውን አላነበቡም፤ ከጻፈውም መካከል በራቸውን ያንኳኳ የለም። ፍቅሩ ውሸት ነው አልልም፤ አድራሻውን ስቷል ነው የምለው። የታመመ አሰልጣኝን ማስታወስ ለሕያው ሰው የሚሰጥ አገልግሎት ነው፤ የሚለካውም እሳቸው ዛሬ ከእኛ በሚያገኙት ነገር ነው።

ስለ በሽታው የሚታወቀው ራሱ ወደዚህ ይመራናል። ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር እ.ኤ.አ. በ1906 ለመጀመሪያ ጊዜ የገለጸው ይህ ሕመም ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው አዲስ ትዝታ ከሚቀረጽበት የአንጎል ክፍል ነው። ስለዚህ ታማሚው ጠዋት የበላውን ረስቶ የዛሬ ሠላሳ ዓመቱን ጨዋታ ሊተርክ ይችላል። እኛ አገር ይኼ ሲታይ «ጃጁ» ይባልና ነገሩ ይዘጋል። መዘጋት ግን የለበትም። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ ዕጢ መዛባት፣ ድብርትና አንዳንድ መድኃኒቶችም ሰውን ያዘነጋሉ፤ እነዚህ ደግሞ ይታከማሉ፤ ጸበል የሚጠመቀውንም ቢሆን ሐኪም ሊያየው ይገባል። አልዛይመር መሆኑ ከተረጋገጠ የሚያድን መድኃኒት እስካሁን አልተገኘም፤ የሚቀረው ታማሚው ባለው አቅም ደህና ቀን እንዲውል መርዳት ነው። እዚህ ላይ ቤተሰብ የሌለውን ነገር ደጋፊው ይዟል። ሚስትና ልጆች የቤቱን ሰው ያውቃሉ። ከሜዳው ዳር ቆመው ተቀያሪውን መቼ እንዳስገቡ፣ በየትኛዋ ጎል ከመቀመጫቸው እንደዘለሉ የሚያውቀው ግን ደጋፊው ነው። ረዘም ላለ ጊዜ የሚቆየው ትዝታ በእጃችን ካለ፣ ይዘነው ዝም ማለት ንፉግነት ነው።

የእንግሊዝን ኳስ እንደ ራሱ ለሚከታተለው አንባቢ የጃክ ቻርልተን ነገር ቅርብ ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 ከወንድሙ ከቦቢ ጋር የዓለም ዋንጫ ያነሳው ይህ ተከላካይ፣ ከ1986 ጀምሮ አየርላንድን ለአስር ዓመት ገደማ አሰልጥኖ በ1988 ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አውሮፓ ዋንጫ፣ በ1990 ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ዓለም ዋንጫ ወስዷታል፤ ያኔ ጣሊያን ላይ እስከ ሩብ ፍጻሜ ደርሳለች። እንግሊዛዊውን አሰልጣኝ አየርላንዳውያን የክብር ዜጋቸው አደረጉት። በዕድሜው ማብቂያ ዲሜንሺያ (አልዛይመርን ጨምሮ የመርሳት ሕመሞች የጋራ መጠሪያ) ያዘው፤ በ2020 በ85 ዓመቱ አረፈ። በዚያው ዓመት የወጣው ዘጋቢ ፊልም የመጨረሻ ወራቱን ከአሰልጣኝነት ዘመኑ ምስሎችና በእጁ ከጻፋቸው ማስታወሻዎች ጋር ያገናኛል፤ ብዙውን ነገር የረሳው ሰው የቀድሞ ተከላካዩን ፖል ማግራዝን በምስል ሲለይ ይታያል። ስኮትላንድ ደግሞ ነገሩን ለታዋቂ ሰው ብቻ አልተወችውም። ከ2009 ጀምሮ የአልዛይመር ማኅበሩና የእግር ኳስ ሙዚየሙ ተባብረው የድሮ ፎቶና ታሪክ እያቀረቡ ታማሚዎችን ስለ ኳስ ያጫውታሉ። ይህ ፈውስ እንዳልሆነ ግን በግልጽ መነገር አለበት። ታማሚዎችን በትዝታ ስለመርዳት የተሠሩ 22 ጥናቶችን በ2018 የመረመረው የኮክሬን (የሕክምና ጥናቶችን የሚያጣራ ተቋም) ግምገማ ያገኘው ጥቅም ትንሽና ከቦታ ቦታ የሚለያይ ነው። የሚያድን መድኃኒት በሌለበት ግን ትንሽ ጥቅም፣ ያውም ገንዘብ የማይጠይቅ፣ የሚናቅ አይደለም።

«ሄደን ብናጫውታቸውስ ነገ ይረሱታል፤ ምን ዋጋ አለው?» የሚል ይኖራል። ይህ ተቃውሞ ብልህ ይመስላል፤ የሚያየው ግን ግማሹን ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለ17 የአልዛይመር ታማሚዎችና ለ17 ጤነኞች አሳዛኝና አስደሳች የፊልም ቁርጥራጮችን አሳዩ። ታማሚዎቹ ካዩት ውስጥ አብዛኛውን ከደቂቃዎች በኋላ ረሱ፤ ሐዘኑና ደስታው ግን አብሯቸው ቆየ። የመጣውን እንግዳ ስም መርሳት እንግዳው ያመጣውን ደስታ አያጠፋውም ማለት ነው። ግኝቱ በሌላውም በኩል ይሠራል፤ ምክንያቱ ቢረሳም ንቀቱና ኀፍረቱ ይቀራል። ስለዚህ ጥያቄው እሳቸው እኛን ያስታውሱናል ወይ አይደለም። ከሄድን በኋላ ምን ዓይነት ስሜት ይዘው ይቀራሉ ነው።

በዚህ መስፈርት የጥየቃ ባህላችን ራሱ መታረም አለበት። ወሎ በሽተኛ በመጠየቅ አይታማም፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ይሄዳል፣ ወዳጃ ተቀምጦ ዱዓ ያደርጋል፣ ባዶ እጁን አይገባም። ችግሩ አሥር ሆነን ገብተን ሁላችንም በየተራ «አወቁኝ? እስቲ እኔ ማነኝ?» ማለታችን ነው። ይህ ለጤነኛ ሽማግሌ ጨዋታ ነው፤ ለአልዛይመር ታማሚ ግን እንደሚወድቅ የሚያውቀው ፈተና ነው። ደጋፊ ሊጠይቅ ሲሄድ ሁለት ሆኖ ይሂድ፤ ስሙን ራሱ ይናገር፤ «ያኔ እኮ የመስመር ተጫዋቹን ወደ መሐል ሲያመጡት ጨዋታው ተቀየረ» ብሎ ወሬውን ይጀምርላቸውና ይተዋቸው። ውጤቱን ቢስቱ አያርማቸው፤ የተሳሳተ ውጤት ማንንም አይጎዳም። ከቻለ የዘመኑን ዘፈን ይዞ ይሂድ። በላይፕዚግ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ጥናት እንዳመለከተው ከጥንት የምናውቀውን ሙዚቃ የሚይዘው የአንጎል ክፍል በአልዛይመር ከሌሎቹ ዘግይቶ ይጎዳል። ለቅኝት ስሟን የሰጠች የወሎዋ አምባሰል ይህን ለማመን አትቸገርም።

ሁለተኛው አገልግሎት ትዝታውን ከአንድ ሰው ጭንቅላት ውጭ ማስቀመጥ ነው። ይህንንም ቢሆን ከሩቅ አንማረውም። በየዓመቱ መስከረም 21 ሕዝብ ከየአገሩ እዚያው ወሎ ወዳለችው ግሸን ማርያም የሚወጣው፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጊዜ ግማደ መስቀሉ በመስቀለኛው አምባ ላይ እንዳረፈ ስለሚታመን ነው። ያን ዘመን ያየ ሰው ካለፈ ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ሆኗል። ነገሩ ያልጠፋው የታወቀ ቀን፣ የታወቀ ቦታና የተጻፈ መጽሐፍ፣ መጽሐፈ ጤፉት፣ ስላለው ነው። ኳስን ከመስቀሉ ጋር ማወዳደሬ አይደለም፤ የምናገረው ስለ አጠባበቁ ነው። የእግር ኳሳችን ትዝታ ከሦስቱ የቱ አለው? ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ ጥምቀት ባለፈ በሁለተኛው ቀን፣ በአሰልጣኝ ይድነቃቸው ተሰማ የሚመራው ብሔራዊ ቡድናችን አዲስ አበባ ላይ ግብፅን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደ። የመጨረሻዋን ጎል ያገባው መንግሥቱ ወርቁ በኋላ ራሱ አሰልጣኝ ሆኖ በ1974 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድኑን ሊቢያ ላይ ወደተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ ይዞ ሄደ። አቶ ይድነቃቸው በ1979፣ መንግሥቱ በ2003፣ አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ደግሞ በ2015 ዓ.ም. መግቢያ ጣሊያን ውስጥ አረፉ። በዚህ በሽታ ተያዙ ማለቴ አይደለም። ሳይጠየቁ ይዘውት የሄዱት ነገር ከበሽታ ባልተናነሰ ተረሳ ማለቴ ነው። ለ1954ቱ ጨዋታ ስታዲየም የገባ የሃያ ዓመት ወጣት ዛሬ ከሰማንያ አልፏል። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ሱዳንን 2 ለ 0 ረትቶ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ያለፈው የአሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ብሔራዊ ቡድን ትዝታ ግን ገና ትኩስ ነው፤ መቅረጫ የሚወጣው አሁን ነው። ለታመመ ሰው የሚተረክለት ታሪክ ጤነኛ ሳለ የተቀዳው ነውና።

«የቤተሰብ ገበና ነው፤ ደጋፊ ምን አገባው?» የሚለው ተቃውሞ ከሁሉም የከበደ ነው፤ ትክክልም ነው። ታማሚው ቤት ገብቶ ቪዲዮ መቅረጽ፣ ግራ የተጋባ ፊትን ለዕይታ ብዛት መልቀቅ ነውር ነው፤ ፈቃድ መስጠት የማይችል ሰው አልፈቀደም። መልሱ ግን መራቅ አይደለም፤ ፈቃዱን በጊዜው መጠየቅ ነው። የአሜሪካዋ የሴቶች ቅርጫት ኳስ አሰልጣኝ ፓት ሰሚት፣ ከቴነሲ ዩኒቨርሲቲ ጋር ስምንት አገር አቀፍ ዋንጫ ያነሳችው፣ እ.ኤ.አ. በ2011 በ59 ዓመቷ አልዛይመር እንዳለባት ራሷ ተናገረች፤ አንድ ተጨማሪ የውድድር ዘመን አሠለጠነች፤ በሽታውን የሚዋጋ ድርጅትም በስሟ አቋቋመች። ምን ይነገር፣ ምን ይቅር የሚለውን የወሰነችው እሷ ናት። በሽታውን እንደ ነውር ስንደብቀው ለታማሚው ይህን የመወሰኛ ጊዜ እናሳጣዋለን።

«በጦርነትና በኑሮ ውድነት በተጎዳ አገር ስለ አንድ ኳስ አሰልጣኝ ምን ያስጨንቀናል?» ለሚለው ሁለት መልስ አለኝ። አንደኛ፣ በዓለም ጤና ድርጅት ግምት እ.ኤ.አ. በ2021 ዲሜንሺያ ያለባቸው ሰዎች 57 ሚሊዮን ደርሰዋል፤ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት የሚኖሩት እንደኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ያላቸው አገሮች ነው። የማይታወቁት እናትና አባት «ጃጁ» ተብለው ጓዳ ሲቀሩ ስማቸውን የሚያነሳ የለም፤ የአሰልጣኙ ስም ግን የሁሉንም በር ያስከፍታል። ሁለተኛ፣ እግር ኳስ ራሱ ዕዳ አለበት። የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ በ2019 ባወጣው ጥናት 7,676 የቀድሞ የስኮትላንድ ፕሮፌሽናል ተጫዋቾች ከሌላው ሕዝብ ጋር ሲነጻጸሩ በአንጎል መመንመን በሽታዎች የመሞት ዕድላቸው ሦስት ጊዜ ተኩል ያህል ነበር። በቀጣዩ ዓመት ስኮትላንድ ከ12 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በልምምድ ላይ ኳስ በቴስታ እንዳይመቱ ከለከለች። አሰልጣኝ አብዛኛውን ጊዜ የቀድሞ ተጫዋች ነው። በቴስታ ላስገባት ጎል የጨፈርን እኛ ስለ ጭንቅላቱ አያገባንም ማለት አንችልም።

ለቀብር እድር አለን፤ ሰው ሲሞት ድንኳንና ወንበር የሚያቀርብ፣ ቤተሰቡን የሚያጽናና፣ መዋጮውም ቅጣቱም የታወቀ። የደጋፊ ማኅበራት ይህንኑ ሥርዓት ወደ ሕያዋን ሊያመጡት ይችላሉ። የደሴም፣ የጎንደርም፣ የአዲስ አበባም ማኅበር ለውድድር ዘመኑ በጀት ሲይዝ ሦስት ነገር ይጨምር፦ የቀድሞ አሰልጣኞችንና ተጫዋቾችን ቃል በጊዜ የሚቀርጽ ሰው፣ በቤተሰብ ፈቃድ በወር አንድ ቀን የሚጠይቁ ሁለት ሰዎች፣ ቀን ከሌት ለምታስታምም ሚስት ወይም ልጅ በሳምንት ጥቂት ሰዓት ዕረፍት የሚሰጥ ተራ። የመጨረሻው ከሁሉም ይበልጣል፤ አስታማሚ ሲደክም ታማሚው አብሮ ይጎዳልና። ይህን ያነበበ ደጋፊም ከጽሑፉ ሥር የማንንም የታመመ አሰልጣኝ ስም አይጻፍ። ቤታቸው ይደውል፣ የምታስታምመውን «ምን ላግዝሽ?» ይበላት፣ ያለችውን ያድርግ። ፎቶው ከዚያ በኋላ ቢለጠፍም ባይለጠፍም ችግር የለም።