የነሐሴ ዓሣ

ፎገራ ላይ ክረምቱ ሲበረታ ዓሣ ይረክሳል። የጉማራና የርብ ወንዞች ደፍርሰው ሲሞሉ ነጭ ዓሣ በየመንገዱ ዳር ተደርድሮ ይሸጣል። በፍልሰታ ዓሣ የሚበላው ቤተሰብም ይፈልገዋል። ወረታ ላደግን ልጆች ይህ የጥጋብ ወቅት ነበር፤ እኔም ወንዙ የራሱን ዓሣ የሚሰጠን ይመስለኝ ነበር።

አንድ ነሐሴ፣ የጉማራ ዳር አዛውንት ዓሣ አጥማጅ የገዛሁትን ሲሰነጥቁልኝ ሆዱ በእንቁላል ተሞልቶ ነበር። «ልጄ፣ በዚህ ሰሞን የምንይዘው አብዛኛው እንዲህ ነው» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ነገሩን መጠየቅና ማንበብ ያዝኩ።

የወንዝ ያልኩት ዓሣ የጣና ነው። ነጭ ዓሣ የምንለውም አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም፤ ተመራማሪዎች በሐይቁ ውስጥ ከ15 የማያንሱ ዝርያዎችን ለይተዋል። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው ዓባይ ስለነጠላቸው አብዛኞቹ ከጣና በቀር የትም አይገኙም። ቢያንስ 7ቱ ለመራባት ወንዝ ይወጣሉ። በክረምት መጀመሪያ ወንዞቹ ከሐይቁ በሚገናኙበት ቦታ ይሰበሰባሉ፤ ከዚያ ሜዳውን አቋርጠው እንደ ዱካሊት ያሉ ጠጠራማ ገባሮችን ይይዛሉ። ነሐሴና መስከረም ዋናው ጊዜያቸው ነው። እንቁላሉ የሚፈለፈለው በንጹሕ ጠጠር መካከል፣ የጠራ ውሃ ሲፈስበት ነው፤ ደለል ከተጫነው ታፍኖ ይቀራል። ሌሎቹ የጣና ዓሦች እንዲህ አይደሉም፤ ቀረሶ ከሐይቁ ሳይወጣ እንቁላሉን በአፉ ይዞ ይፈለፍላል፤ አምባዛ ጎርፍ የተኛበትን የፎገራ ሣር ይመርጣል። ወንዝ ወጪው ነጭ ዓሣ ግን ያለ ጠጠሩ አይሆንለትም። ዕድገቱም አዝጋሚ ነው፤ ለመውለድ ዓመታት ይፈጅበታል።

እንግዲህ የነሐሴው ብዛት በሰፊው ሐይቅ ተበታትኖ የሚኖረው ወላጅ በሙሉ በአንድ ጠባብ በር ሲያልፍ የሚታይ ብዛት ነው። መረብ በወንዙ አፍ የሚዘረጋ ሰው የሚቀጥሉትን ዓመታት ዓሣ አብሮ ያወጣል። ላይኛው ገባር ላይ ዓሣ የሚመርዘውን የብርብራ ፍሬ ወቅጦ የሚበትነው ደግሞ ትልቅ ትንሽ አይለይም። በሞተር ጀልባ የሚሠራው የናይለን መረብ ጣና የገባው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 በተደረገ ክትትል ወንዝ የሚወጡት ነጭ ዓሦች ብዛት በ75 በመቶ ገደማ ቀንሶ ተገኝቷል። ይህን ቁጥር ሳነብ ልቤ ደነገጠ፤ በዚያው ጊዜ ገበያችን በየነሐሴው ዓሣ ሞልቶት ነበርና።

ከዚያ ወዲህ በነሐሴና በመስከረም ነጭ ዓሣ አልገዛም። ዘመዶቼም ቢያንስ ሁለቱን ወር ቀረሶ እንዲገዙ እለምናለሁ። ይህ ግን ብቻውን በቂ አይደለም። አሸዋና ጠጠር ከወንዙ ይጫናል፤ በበጋ ለሽንኩርት መስኖ ውሃው በሞተር ሲሳብ ጫጩቶቹ የሚያድጉበት ኩሬ ይደርቃል፤ ርብ ላይ ደግሞ ግድብ አለ።

ይህን ሁሉ ለአዛውንቱ ነገርኳቸው። በደንብ አድምጠው፣ «መረቡን እሰቅላለሁ፤ እስከ መስቀል ድረስ ልጆቼን ማን ያበላልኛል?» አሉኝ። ትክክል ናቸው። ሩዝ ያለው የሩዙን አጨዳ ይጠብቃል፤ መሬት የሌለው ወጣት ግን በዚያ ወቅት ያለው ወንዙ ብቻ ነው። ዓሣው ለሁላችንም ከተጠበቀ የሁለቱን ወር ገቢ ማጣት እነሱ ብቻቸውን ሊሸከሙት አይገባም። መረቡ የሚሰቀልበት ወር ከመታወጁ በፊት ለእነዚህ ቤቶች የሁለት ወር ሥራ መዘጋጀት አለበት፤ እኔ በየስብሰባው የምጠይቀው ይህንኑ ነው።