ክሩዝ ኮንትሮሉ፣ ሙስበሃዬና የጉደር ቁልቁለት



ይህን የምጽፈው በተለይ አምቦ፣ ጉደርና ጊንጪ ላይ ኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክል ለምትነዱ ወንድሞቼ ነው። ከመካከላችሁ ቢያንስ አራት ልጆች እኔን አይታችሁ ክሩዝ ኮንትሮል እንዳስገጠማችሁ አውቃለሁ። «ኡስታዝም አስገጥሟል» ብላችሁ። እንግዲያውስ የቀረውን ታሪክ መስማት ሐቃችሁ ነው።

ነገሩ የጀመረው ከእጄ ነው። አምቦ ኢማማችንን አግዛለሁ፤ በሳምንት አራት ቀን ደግሞ ጉደር ወርጄ ልጆች አቀራለሁ። ወደ 12 ኪሎ ሜትር መሄድ፣ ያንኑ መመለስ። የቤንዚን ሰልፍ ሲያስመርረኝ ኤሌክትሪኩን ገዛሁ፤ አልሐምዱሊላህ፣ ማታ ሰክቼው ካደርኩ ጠዋት ሙሉ ነው። ግን የፍጥነት መስጫውን ጠምዝዞ ይዞ መቆየት የቀኝ እጄን ያደነዝዘው ጀመር። ቂርኣት ቤት ደርሼ ቾክ መያዝ እስኪያቅተኝ ድረስ።

አንድ መካኒክ «ኡስታዝ፣ ሞተርዎ እኮ ክሩዝ አለው፤ የሌለው ቁልፉ ብቻ ነው» አለኝ። እውነቱን ነበር። ብዙዎቹ የቻይና ኮንትሮለሮች ለዚህ የተዘጋጀ ቀጭን ሽቦ አላቸው፤ ቁልፍ ካልተገጠመለት ተጠቅልሎ ዝም ብሎ ይቀመጣል። አሠራሩ ቀላል ነው። የፍጥነት መስጫው ውስጥ ያለው ሴንሰር 5 ቮልት ይቀበላል፤ ሲለቀቅ 1 ቮልት ገደማ፣ እስከ መጨረሻው ሲጠመዘዝ 4 ቮልት ገደማ ወደ ኮንትሮለሩ ይልካል። ቁልፉን ስትጫኑ ቀጭኑ ሽቦ ለአፍታ ከኔጌቲቭ ጋር ይገናኛል፤ ኮንትሮለሩም በዚያች ቅጽበት የነበረውን መጠን ይዞ ይቀጥላል። እጃችሁን ብትለቁም ይሄዳል። እንዲህ ያለው ርካሽ ክሩዝ ብዙ ጊዜ የሚይዘው የሰጣችሁትን መጠን እንጂ ፍጥነቱን አይደለም። ዳገት ላይ ይደክማል፣ ቁልቁለት ላይ ይፈጥናል።

ሥራው ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። ደስ ብሎኝ ስለ ክሩዝ ኮንትሮል ማንበብ ሁሉ ጀመርኩ። የፈለሰፈው ራልፍ ቲተር የሚባል፣ በልጅነቱ በደረሰበት አደጋ ዓይነ ስውር የሆነ አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1950 የፈጠራ መብቱን አገኘ፣ በ1958 ክራይስለር መኪናዎቹ ላይ ገጠመው። ይህን ለደረሶቼ ስተርክላቸው አንዱ ትንሽ ልጅ «ታዲያ መንገዱን ማን ያይለታል?» አለኝ። ስቄ አለፍኩ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ጥፋቴ ሁለት ነው።

አንደኛው፣ ቀኝ እጄ ነጻ ሲሆን ሙስበሃዬን ያዝኩበት። የመሳፈሪያውን ዱዓ አደርጋለሁ፣ ቁልፉን እጫናለሁ፣ ከዚያ እስከ ጉደር ተስቢሕ። ወላሂ፣ ትልቅ ብልሃት ያገኘሁ መስሎኝ ነበር። ለጓደኞቼም በኩራት አውርቻለሁ።

ሁለተኛው የቆየ ነው። የፍሬን እጀታው ላይ ትንሽ ስዊች አለች፤ ፍሬን ሲያዝ ለጎማው የሚሄደውን ኃይል ትቆርጣለች፣ ክሩዙንም ታጠፋለች። ክረምት ላይ የቀኙ ስዊች ውኃ ገብቶበት ተጣበቀና ሞተሩ አልንቀሳቀስ አለ። ያኔ ሌላ መካኒክ ሽቦውን ቆርጦ በናስትሮ ጠቀለለው። «የግራው ይበቃዎታል» አለኝ፤ እኔም እሺ አልኩ። ክሩዙ ሲገጠም ይህን አላነሳሁም። ረስቼው ነው ብል ደስ ባለኝ፤ ግን ትዝ ብሎኝ ነበር፣ ጊዜ ይወስዳል ብዬ ነው የተውኩት።

ከዙህር በኋላ ወደ ጉደር ስወርድ አንዲት አሥር ዓመት የማይሞላት ልጅ ቢጫ ጀሪካን የተጫነች አህያ እየነዳች መንገድ ገባች። ሙስበሃው ጣቶቼ ላይ ነበር። እጄ ዘግይቶ ደረሰ፤ የያዝኩትም የቀኙን ፍሬን ነው። ፍሬኑ ይይዛል፣ የኋላ ጎማው ይገፋል። የግራውን እስክይዝ ድረስ መሪው ጀሪካኑን መታው፣ አህያዋ በረገገች፣ ልጅቷ ወደቀች። ጉልበቷ ደማ። ተነሥታ ኮፍያዬን አየችና በኦሮምኛ ይቅርታ ጠየቀችኝ፤ አህያዋ ናት አለች። እኔ ምን አልኩ? «ምንም አይደል።» ሱብሐነላህ፣ እኔ ይቅር ባይ ሆኜ አረፍኩት! ለተሰነጠቁት ሁለት ጀሪካኖች ገንዘብ ሰጥቻት ሄድኩ።

ሦስት ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ለኢማማችን ነገርኳቸው። ስለ ሞተሩ ምንም አላሉም፤ «ልጅቷ ጥፋተኛ እንዳልሆነች እናቷ ታውቃለች?» ብቻ አሉኝ።

ቤቷን አፈላልጌ ሄድኩ። ለእናትየዋ ሁሉንም ነገርኳት፤ ሽቦውንም፣ ሙስበሃውንም። ብዙ ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «እኔ በዚያን ቀን ገርፌያታለሁ» አለችኝ። ልጅቷን ጠርተን እናቷ ፊት ጥፋቱ የኔ እንደነበር ነገርኳት። አንገቷን ደፍታ ሰማችኝ። እስከ ዛሬ ሞተሬን ስታይ አህያዋን ገና ከሩቅ ወደ ዳር ትስባለች።

አራታችሁም ሞተራችሁን እንድትመረምሩ እለምናችኋለሁ። የኋላ ጎማውን ከመሬት አንሥታችሁ አቁሙት፣ ማንም አጠገቡ አይቁም። በዝግታ አስነሡት፣ ክሩዙን ያዙ፣ ከዚያ የግራውን ፍሬን ብቻ ንኩ። ኃይሉ ወዲያው መቋረጥ አለበት፤ ፍሬኑን ስትለቁም ራሱ መነሣት የለበትም። እንደገና አስነሥታችሁ በቀኙም ሞክሩ። በአንዱ እንኳ ካልተቋረጠ የክሩዙን ሽቦ ዛሬውኑ ንቀሉት። የፍሬን መብራቱ መብራቱ ማስረጃ አይሆናችሁም፤ የኔ ይበራ ነበር። ስዊቿ ከተበላሸች አዲስ ግዙ እንጂ አታስቆርጡ።

የኔ ሁለቱም ተቀጥለዋል። ቁልፉን አላስወጣሁትም፣ ሜዳ ላይ እጄን ያሳርፈኛል፤ ቁልቁለት ላይና ሰው ባለበት ግን አልነካውም። ሙስበሃው ቤት ይቀራል።

መፈተሽ የሚከብደው ካለ ከጁሙዓ በኋላ መስጂዱ በር ላይ አለሁ። ቴስተር ተውሻለሁ፤ ናስትሮውን እናንተ ይዛችሁ ኑ።