ያበደሩን ይመስል

1

የፊፋ ደንብ አያሻማም። ብሔራዊ ቡድን በፊፋ የጨዋታ ቀናት፣ ለአህጉር ዋንጫ ወይም ለዓለም ዋንጫ ተጫዋች ከጠራ ክለቡ መልቀቅ አለበት። ክለብና ተጫዋች «ለሀገር አልሄድም» ብለው ቢፈራረሙ ውሉ አይጸናም። ክለቡ ከከለከለ ተጫዋቹ በጥሪው ጊዜና ከዚያም በኋላ ለአምስት ቀን ለክለቡ እንዳይሰለፍ ሊታገድ ይችላል።

ደንቡ ለሁሉም አንድ ነው። ጭቅጭቁ የሚጦፈው ግን የአፍሪካ ዋንጫ በሚደረግበት በጃንዋሪ ነው። የአውሮፓ ዋንጫ በሚደረግበት በጁን እምብዛም አይሰማም። ጁን ላይ ሊጎች ዝግ ናቸው ይባላል። ሊጉ መቼ እንደሚዘጋ የወሰነው ማን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም።

2

በኖቬምበር 2022 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የአውሮፓ ትልልቅ ሊጎች በውድድር ዘመኑ አጋማሽ ላይ ቆሙ። ለኳታር ዓለም ዋንጫ ሲባል ነው። ፊፋ ተጫዋች ለለቀቁ 440 ክለቦች 209 ሚሊዮን ዶላር አከፋፈለ። ለአንድ ተጫዋች በቀን ወደ 11 ሺህ ዶላር ገደማ ይደርሳል። ማንቸስተር ሲቲ ብቻውን ከ4.5 ሚሊዮን በላይ ወሰደ።

ለ2026ቱ ዓለም ዋንጫ ገንዘቡ 355 ሚሊዮን ሆኗል።

3

በኦገስት 2022 የናፖሊው ፕሬዚዳንት ኦሬሊዮ ዴ ላውረንቲስ ከእንግዲህ አፍሪካዊ ተጫዋች እንደማያስፈርሙ ተናገሩ፤ ለአፍሪካ ዋንጫ እንደማይሄድ ካልፈረመላቸው በቀር።

በዚያው የውድድር ዘመን ናፖሊ ከ33 ዓመት በኋላ የጣሊያን ሻምፒዮን ሆነ። በ26 ጎል የሊጉ ከፍተኛ ግብ አግቢ ሆኖ የጨረሰው ናይጄሪያዊው ቪክቶር ኦሲሜን ነው። መሀል ሜዳ ላይ ካሜሩናዊው ፍራንክ አንጊሳ ነበር።

4

የያኔው የሊቨርፑል አሰልጣኝ ዩርገን ክሎፕ በ2021 መጨረሻ የአፍሪካ ዋንጫን «ትንሽ ውድድር» ብለው ጠሩት። ቆይተው ማቃለላቸው እንዳልነበረ አስረዱ።

በጃንዋሪ የክሎፕ ተጫዋቾች፣ ሳላህ ለግብፅ፣ ማኔ ለሴኔጋል ሊጫወቱ ወደ ካሜሩን ሄዱ። ሁለቱም እስከ ፍጻሜው ቆዩ። ሴኔጋል ግብፅን በመለያ ምት አሸንፋ የመጀመሪያ ዋንጫዋን አነሳች። የመጨረሻዋን ምት ያስቆጠረው ማኔ ነው።

ሊቨርፑል ሁለቱ ባልነበሩበት ጊዜ አንድም ጨዋታ አልተሸነፈም።

5

በዚያው ሰሞን ዋትፎርድ ኢማኑኤል ዴኒስን ለናይጄሪያ አልለቅም አለ። ጥሪው ዘግይቶ ደረሰኝ አለ። ተጫዋቹ ቀረ። ዋትፎርድ በሜይ ወረደ።

6

አውሮፓዊ ያልሆነ ተጫዋች እንግሊዝ ውስጥ የሥራ ፈቃድ ለማግኘት ለረጅም ጊዜ ዋናው መስፈርት ለብሔራዊ ቡድኑ መሰለፉ ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ ሀገሩ ካደረገቻቸው የነጥብ ጨዋታዎች 75 በመቶውን መጫወት ነበረበት። አሁንም ለሀገር መሰለፍ ነጥብ ያስገኛል። ብዙ ነጥብ የሚያስገኘው ግን በፊፋ ደረጃ ከፍ ላሉ ሀገሮች ነው።

በዝውውር ውሎችም ውስጥ ተጫዋቹ ለሀገሩ ሲሰለፍ ይህን ያህል ይጨመራል የሚል አንቀጽ የተለመደ ነው።

ክለቡ ተጫዋቹን ያየው በሀገሩ ማሊያ ነው። የፈቃድ ወረቀቱን ያገኘው በሀገሩ ማሊያ ነው። ዋጋው የናረው በሀገሩ ማሊያ ነው። ከፈረመ በኋላ ያ ማሊያ አደጋ ይሆናል።

ኢትዮጵያ በፊፋ ደረጃ ከመጀመሪያዎቹ 100 ውጪ ናት። የእኛ ልጅ ለሀገሩ መቶ ጊዜ ቢሰለፍ በዚህ መንገድ ብዙ አይጠቀምም።

7

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ዲኤስቲቪ ቤት በር ላይ ጥቁር ሰሌዳ አለ። ቅዳሜና እሁድ የጨዋታው ሰዓት በጠመኔ ይጻፍበታል። በኢንተርናሽናል ብሬክ ሳምንት «ዛሬ ኳስ የለም» ተብሎ ተጽፎ አየሁ። የእኛ ብሔራዊ ቡድን ዋልያዎቹ የሚጫወቱበት ቀን ነበር።

ውስጥ ጥቂት ልጆች ቡና ይዘው ተቀምጠዋል። አንዱ የአርሰናል ማሊያ ለብሷል።

«ሳካን ለምን ወሰዱት?» ይላል። «ቢጎዳ ማን ይከፍላል?»

«ሀገሩ ናት እኮ» አለው ጓደኛው።

«ለሀገሩማ በጁን ይጫወትላት!»

ትንሽ ቆይቶ ስለ ዋልያዎቹ ተነሳ። እዚህ ደግሞ ያው ልጅ ተቆጣ። ለሀገሩ ተጠርቶ ልቡን የማይሰጥ ተጫዋች ማሊያውን ይመልስ አለ። ሁለቱንም የተናገረው ከልቡ ነው።

8

አርየን ሮበን በጁን 2010 ከሀንጋሪ ጋር በተደረገ የወዳጅነት ጨዋታ ጭኑን ተጎዳ። አገግሞ ለዓለም ዋንጫ ደረሰ። ኔዘርላንድስን እስከ ፍጻሜ አደረሰ። ወደ ባየርን ሙኒክ ሲመለስ ጡንቻው መቀደዱ ታወቀ። እስከ ጃንዋሪ 2011 አልተጫወተም።

ባየርን ካሳ ጠየቀ። ስምምነቱ የወዳጅነት ጨዋታ ሆነ። ኔዘርላንድስ ሙኒክ መጥታ ከባየርን ጋር ትጫወታለች፤ ገቢው ለክለቡ።

ጨዋታው በሜይ 22 ቀን 2012 ተደረገ። ከሦስት ቀን በፊት እዚያው ስታዲየም ባየርን በቼልሲ የቻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ተሸንፎ ነበር። ሮበን ፍጹም ቅጣት ምት ስቷል። አሁን የሀገሩን ማሊያ ለብሶ ተቀይሮ ገባ። የባየርን ደጋፊዎች ኳስ በነካ ቁጥር ያፏጩበት ጀመር።

ስለ እሱ ጉዳት ካሳ የሚሰበሰብበት ጨዋታ ነው። የሚጮህበት የራሱ ክለብ ሕዝብ ነው። ስለዚህ ጉዳይ ስጽፍ ደጋግሞ የሚመጣብኝ ይህ ምሽት ነው። ክለቡ ተጫዋቹን ከጉዳት እጠብቀዋለሁ ሲል የሚጠብቀው ሰውየውን ነው ወይስ ንብረቱን?

9

የባርሴሎናው ጋቪ በኖቬምበር 2023 ለስፔን ከጆርጂያ ጋር ሲጫወት የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። ስፔን ለአውሮፓ ዋንጫ ማለፏን አስቀድማ አረጋግጣ ነበር። ልጁ 19 ዓመቱ ነው። ሜዳ የተመለሰው በኦክቶበር 2024 ነው።

እዚህ ላይ የባርሴሎና ቁጣ ልክ ነው።

ከ2012 ጀምሮ ፊፋ ለብሔራዊ ቡድን ሲጫወት ለተጎዳ ተጫዋች የክለቡን ደመወዝ ይሸፍናል። ጣሪያው ለአንድ ጉዳት 7.5 ሚሊዮን ዩሮ ነው። ከ28 ቀን በታች የሆነ ጉዳት አይታሰብም። ክፍያው የሚሄደው ለክለቡ ነው።

10

ያ መድን እንዲሁ አልመጣም። በ2004 አብደልመጂድ ኡልመርስ የሚባል የቤልጅየሙ ሻርለርዋ ተጫዋች ለሞሮኮ ከቡርኪና ፋሶ ጋር ሲጫወት ተጎዳ። ለወራት ተኛ። ክለቡ ፊፋን ከሰሰ። የአውሮፓ ሀብታም ክለቦች ማኅበር የነበረው ጂ-14 ከጎኑ ቆመ። በ2008 ስምምነት ተደረሰ፤ ጂ-14 ፈረሰ፤ ክሱ ተነሳ። ክለቦች ከዓለም ዋንጫና ከአውሮፓ ዋንጫ ገቢ ድርሻ ማግኘት ጀመሩ።

የተጎዳው ለአፍሪካ ሀገር ሲጫወት ነው። ገንዘቡ የመጣው ከዓለም ዋንጫና ከአውሮፓ ዋንጫ ነው።

11

የ2023/24 ፕሪሚየር ሊግ በሜይ 19 አለቀ። በሦስተኛው ቀን ቶተንሃምና ኒውካስል ሜልቦርን ላይ የወዳጅነት ጨዋታ አደረጉ። ከለንደን እስከ ሜልቦርን የአንድ ቀን በረራ ነው። ስታዲየሙ ውስጥ ከ70 ሺህ በላይ ሰው ነበር።

የተጫዋች ድካም በክለቦች በኩል የሚነሳ ትልቁ መከራከሪያ ነው።

12

የ2025ቱ የአፍሪካ ዋንጫ በክረምት፣ በጁንና በጁላይ፣ ሊደረግ ታስቦ ነበር። በዚያን ጊዜ ለአውሮፓ ትልልቅ ሊጎች አያስቸግርም። ፊፋ 32 ቡድኖች ያሉበት የክለቦች ዓለም ዋንጫ በዚያው ወር አሜሪካ ላይ አዘጋጀ። ሽልማቱ አንድ ቢሊዮን ዶላር። የአፍሪካ ዋንጫ ወደ ዲሴምበር ተገፋ። ውድድሩ ሊጀመር ሳምንታት ሲቀሩት ደግሞ ክለቦች ተጫዋች የሚለቁበት ቀን በአንድ ሳምንት ዘገየ።

ከዚያ በኋላም አፍሪካ ዋንጫውን ለምን በዲሴምበር ታደርጋለች ተብሎ ተጠየቀ።

13

ኦሊምፒክ ላይ ደንቡ ክለቦችን አያስገድድም። በ2008 ባርሴሎና ሜሲን አለቅም ብሎ የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤት ፈረደለት። ፔፕ ጓርዲዮላ ገና አዲስ አሰልጣኝ ነበሩ። ፍርዱን ይዘው ልጁን ለቀቁት። አርጀንቲና ናይጄሪያን 1 ለ 0 አሸንፋ ወርቅ ወሰደች። ሜሲ ተመልሶ በዚያ የውድድር ዘመን ከባርሴሎና ጋር ሦስቱንም ትልልቅ ዋንጫዎች አነሳ።

በ2024 ኦሊምፒክ ፓሪስ ላይ ሲደረግ ምባፔ መጫወት ፈልጎ ነበር። ሪያል ማድሪድ አልፈቀደም።

14

ፌዴሬሽኖችም ንጹሕ አይደሉም።

በ2014ቱ ዓለም ዋንጫ የካሜሩን ተጫዋቾች ጉርሻቸው ካልተከፈለ አውሮፕላን አንሳፈርም አሉ። የጋና መንግሥት ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብ በአውሮፕላን ጭኖ ብራዚል ድረስ ላከ። ተጫዋቾቹ ካላዩ አናምንም ብለው ነው።

ስለ ባንዲራ ፍቅር ለተጫዋች የሚናገር ሰው መጀመሪያ ቃል የገባውን ይክፈለው።

15

ጆርጅ ዊሀ በሚላን ሲጫወት የላይቤሪያን ብሔራዊ ቡድን የጉዞ ወጪ ከኪሱ ይከፍል ነበር። ማሊያም ይገዛ ነበር። ሀገሩ ጦርነት ላይ ነበረች። የክለብ ደመወዙ ነው ብሔራዊ ቡድኑን ያቆመው። ክለብና ሀገር የግድ ባላንጣ ናቸው የሚለኝን ሰው ይህን አስታውሰዋለሁ።

16

በጁን 2022 ኢትዮጵያ ግብፅን በሜዳዋ አስተናገደች። ሜዳዋ ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ነበር፤ ሀገር ውስጥ መስፈርት ያሟላ ስታዲየም ስላልነበረን። ሳላህ ከቀናት በፊት ሕመም እየተሰማው ከጊኒ ጋር ተጫውቶ ነበር። ወደ ሊሎንግዌ አልመጣም። ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ አስቆጠሩ። 2 ለ 0።

አንድ ተጫዋች ለአንድ ሀገር ምን እንደሆነ ያን ቀን ከሌላው ወገን ሆነን አየነው።

17

ለእኛ ጥያቄው በሌላ መልኩ ነው የሚመጣው። ከ31 ዓመት በኋላ ለ2013ቱ የአፍሪካ ዋንጫ ስናልፍ ሳላዲን ሰኢድ ከግብፁ ዋዲ ደግላ መጣ። ፉአድ ኢብራሂም ከሚኒሶታ፣ የሱፍ ሳላህ ከስዊድን መጡ። የቀሩት በአብዛኛው የሀገር ውስጥ ልጆች ነበሩ። ከአውሮፓ ትልልቅ ክለቦች ጋር የሚያጣላ ተጫዋች አልነበረንም። አሁንም የለንም።

እዚህ ያሉት ክለቦች ደግሞ አብዛኞቹ በከተማ አስተዳደርና በመንግሥት ተቋማት በጀት የሚተዳደሩ ናቸው። ልጆቻቸው ለዋልያዎቹ ሲጠሩ በፌስቡክ ገጻቸው ፎቶ ከእንኳን ደስ አላችሁ ጋር ይለጥፋሉ። ዝግጅቱ ከፊፋ ቀናት አልፎ ሲረዝም ያማርራሉ። በዚህ አልፈርድባቸውም። ሊግ የሚቆራረጥበት ተጫዋች ብሔራዊ ቡድን ሲደርስም አቅሙ ይጎድላል።

18

ሴባስቲያን ሃለር በጁላይ 2022 ዶርትሙንድ በገባ በሳምንታት ውስጥ ካንሰር ተገኘበት። ታከመ፤ ዳነ። በጃንዋሪ 2024 ቁርጭምጭሚቱን እያመመው ለኮትዲቯር ሄደ። ግማሽ ፍጻሜው ላይ ብቸኛዋን ጎል አገባ። ፍጻሜው ላይ በ81ኛው ደቂቃ ናይጄሪያ ላይ የዋንጫዋን ጎል አገባ። ጨዋታው በገዛ ሀገሩ ሕዝብ ፊት፣ አቢጃን ላይ ነበር።

ይህን የሚተካ የክለብ ጨዋታ የለም። ክለቦች መልቀቅ አለባቸው የምለው በዚህ ምክንያት ነው። ደንቡ ስለሚያስገድድ ብቻ አይደለም።

19

በዲሴምበር 2025 የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ፕሬዚዳንት ፓትሪስ ሞትሴፔ የአፍሪካ ዋንጫ ከ2028 በኋላ በየአራት ዓመቱ እንደሚደረግ አስታወቁ። ከ1968 ጀምሮ ባብዛኛው በየሁለት ዓመቱ የነበረ ውድድር ነው። አንድ ጎበዝ ተጫዋች በሙሉ ዕድሜው ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ያገኘዋል። ለማለፍ 31 ዓመት ለጠበቀች ሀገር ስሌቱ ከዚህም ይከብዳል።

ይህን ዋንጫ በ1957 ካርቱም ላይ ከጀመሩት ሦስት ሀገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። አፍሪካ ቀጥታ ቦታ ካልተሰጣት ብላ ከ1966ቱ ዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ስትወጣ ከፊት ከቆሙት አንዱ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። በኋላም ካፍን 15 ዓመት መርተዋል።

የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን በሚቀጥለው የካፍ ጉባኤ እጁን አውጥቶ ይጠይቅ። ዋንጫው በአራት ዓመት አንዴ እንዲሆን የጠየቀው የትኛው የአፍሪካ ሀገር ነው? መልሱም በቃለ ጉባኤ ይመዝገብ።