ስለ ሽርሽር መርከብና ስለ ወሬው ጸሐፊ

ሩቅ አገር ሄዶ የተመለሰ ሰው ያየውን ሲያወራ ማድመጥ ሁሉንም ደስ ያሰኛል። ቤተ ሰብ ከራት በኋላ ተሰብስቦ የመንገደኛን ወሬ ሲሰማ፥ ከቤቱ ሳይወጣ ባሕር የተሻገረ ይመስለዋል። ይህንኑ ወሬ በጋዜጣ መጻፍን መተዳደሪያቸው ያደረጉ ሰዎች አሉ፤ ከነዚህም አንዳንዶቹ ዘመናቸውን የሚያሳልፉት የሽርሽር መርከብን በመከተል ነው። የሽርሽር መርከብ የሚባለው ሰውን ካንድ አገር ወደ ሌላ አገር ለማሻገር ሳይሆን፥ ተሳፋሪውን ከወደብ ወደ ወደብ አዙሮ፥ አብልቶና አገር አሳይቶ ወደ ተነሣበት የሚመልስ ነው። እንዲህ ያለውን ጕዞ የሚጽፍ ሰው ሁልጊዜ አንድ ከባድ ጥያቄ ይከተለዋል፤ ይኸውም የመሳፈሪያህን ዋጋ ማን ከፈለልህ? የሚል ነው።

በአገራችን የበላበትን ወጭት ሰባሪ መባል ታላቅ ነውር ነው። ተጋብዞ የበላ እንግዳ የጋባዡን ቤት ጕድለት በአደባባይ ቢያወራ ጨዋ አይባልም። የጋዜጣ ጸሐፊ ነገር ግን ከዚህ ይለያል። ጋባዡ አንድ ሲሆን አንባቢው ብዙ ነው፤ አንባቢውም ጽሑፉን አምኖ ገንዘቡን ያወጣል፥ ሚስቱንና ልጆቹንም ያሳፍራል። ስለዚህ ነገር ሁለት ስመ ጥሩ ደራሲዎች ያደረጉትን መመልከት ይጠቅማል። ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ነው።

በ1844 እንግሊዛዊው ደራሲ ዊልያም ሜክፒስ ታከሪ፥ ፒ ኤንድ ኦ የተባለው የመርከብ ኩባንያ በነፃ አሳፍሮት፥ ሊስቦንን፥ ጅብራልታርን፥ ማልታን፥ አቴናን፥ ቍስጥንጥንያንና ኢየሩሳሌምን አይቶ እስከ ካይሮ ደረሰ። በ1846 ባሳተመው መጽሐፍ ጕዞውን በኩባንያው ቸርነት እንዳገኘ በመቅድሙ ገለጠ፤ መጽሐፉንም ለአንድ የኩባንያው መርከብ አዛዥ መታሰቢያ አደረገው። ቶማስ ካርላይል የተባለው ጸሐፊ ግን ነገሩን አልወደደለትም፤ ታከሪን በጀልባ እየተመላለሰ ለተሳፋሪ ሙዚቃ እየመታ ሳንቲም ከሚለቅም ዓይነ ስውር ጋር አመሳሰለው ይባላል። አዝማሪ በተጋበዘበት ቤት ጌታውን እንደሚያሞግስ ለምናውቅ ለኛ ምሳሌው ግልጥ ነው። ሆኖም ፍርዱ የከበደ ይመስለኛል፤ ታከሪ ማን እንዳሳፈረው ስለ ተናገረ፥ አንባቢው ምስጋናውን መዝኖ ለመቀበል ይችል ነበርና።

በ1867 ደግሞ አሜሪካዊው ማርክ ትዌይን ኩዌከር ሲቲ በምትባል የእንፋሎት መርከብ ከኒው ዮርክ ተነሣ። መርከቢቱ ከ60 የሚበልጡ ተሳፋሪዎችን ይዛ ወደ አውሮፓና ወደ ቅድስት አገር የምትሄድ ነበረች። የመሳፈሪያው ዋጋ 1,250 ዶላር ሲሆን፥ ይህን የከፈለለት በሳን ፍራንሲስኮ ይታተም የነበረው አልታ ካሊፎርኒያ የተባለው ጋዜጣ ነው። ስለዚህ ትዌይን ለመርከቡ ሹማምት ውለታ አልነበረበትም። አብረውት ከተጓዙት መካከል የጥንቱን ሐውልት ለመታሰቢያ እያሉ የሚሸርፉትን ሳይፈራ ነቀፈ፤ ሽርሽሩም ከደስታ ይልቅ ለቅሶ ይመስል እንደ ነበረ ጻፈ። ደብዳቤዎቹም ተሰብስበው በ1869 ስመ ጥሩ መጽሐፍ ሆኑ። ከተሳፋሪዎቹ አንዱ ወጣት የእኅቱን ሥዕል እንዳሳየው ትዌይን ኋላ ተናግሯል፤ ያችው ወይዘሪት በ1870 ሚስቱ ሆነች። የሰላ ብዕር ወዳጅነትን እንደማያጠፋ ከዚህ ይታያል።

ከዚህ በኋላ ሽርሽሩ የታላላቅ ኩባንያዎች ንግድ ሆነ። በ1891 አልበርት ባሊን የተባለው የሐምቡርግ ሰው፥ በክረምት አትላንቲክን የሚሻገር መንገደኛ ቢያንስበት፥ አውጉስታ ቪክቶሪያ የተባለችውን መርከብ ሥራ ፈትታ እንዳትቆም 241 ተሳፋሪ አሳፍሮ ወደ ሜዲቴራኒያን ላካት። ዛሬ ነገሩ እጅግ ሰፍቷል። በ2024 ሥራ የጀመረችው አይከን ኦቭ ዘ ሲስ 20 ፎቅ ያላትና እስከ 7,600 ተሳፋሪ የምትይዝ ናት። ኩባንያዎቹ የሚያተርፉት በመሳፈሪያው ዋጋ ብቻ ሳይሆን፥ መርከቡ ላይ በሚሸጠው መጠጥ፥ በቍማሩና በየወደቡ በሚደረገው ጕብኝት ጭምር ነው። ብዙዎቹ መርከቦች የባሐማስን ወይም የፓናማን ባንዲራ ይይዛሉ፤ ከሠራተኞቹም ብዙዎቹ ከፊሊፒንስ፥ ከኢንዶኔዥያና ከሕንድ የመጡ ናቸው። በግብዣ የሄደ ጸሐፊ ማዕዱን አድንቆ ሲጽፍ፥ ይህን ሁሉ ሳያነሣ ማለፍ ይቀለዋል።

ያልተጻፈው ነገር ግን አንዳንድ ጊዜ ከተጻፈው ይበልጣል። በጥር 2012 ኮስታ ኮንኮርዲያ የተባለችው መርከብ በኢጣልያ ጂሊዮ ደሴት አጠገብ ከዐለት ጋር ተጋጭታ 32 ሰዎች ሞቱ፤ አዛዡም በ2015 16 ዓመት እስራት ተፈረደበት። በዚያ ቀን የተሳፈሩት ብዙዎቹ በአደጋ ጊዜ የት እንደሚሰበሰቡ ገና አልተማሩም ነበር፤ የዚያን ጊዜው ሕግ ልምምዱን በ24 ሰዓት ውስጥ ማድረግን ይፈቅድ ነበርና። ከ2015 ጀምሮ ልምምዱ መርከቡ ሳይነሣ ወይም እንደ ተነሣ ወዲያው እንዲደረግ ተደነገገ። በ2020 ደግሞ ዳይመንድ ፕሪንሰስ በዮኮሐማ ወደብ ታግዳ ስትቆም፥ ከ3,711 ሰዎች ከ700 የሚበልጡት በኮሮና በሽታ ተያዙ። የኢጣልያ መንግሥትም ከነሐሴ 2021 ጀምሮ ከ25,000 ቶን በላይ የሆኑ መርከቦች በቬኒስ ቅዱስ ማርቆስ አደባባይ ፊት እንዳያልፉ ከለከለ።

በ2009 የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን ስለ አንድ ዕቃ ወይም አገልግሎት የሚመሰክር ሰው ያለ ዋጋ ያገኘው እንደ ሆነ እንዲገልጥ መመሪያ አወጣ። ኒው ዮርክ ታይምስን የመሰሉ ጋዜጦችም ጸሐፊዎቻቸው ነፃ ጕዞ እንዳይቀበሉ ይከለክላሉ። ግብዣ የተቀበለ ሁሉ ሐሰተኛ ነው ለማለት አይደለም፤ ታከሪ ግብዣውን ተቀብሎ አልደበቀም። ነውሩ መቀበሉ ሳይሆን መሸሸጉ ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ስለ መርከብ የተጻፈ ያማረ ጽሑፍ ለቤተ ሰብህ ስታነብ፥ ጸሐፊው ዋጋውን ማን እንደ ከፈለ ነግሮህ እንደ ሆነ ተመልከት። ከማዕዱ ተነሥቶ ወደ ሠራተኞቹ ማደሪያ ወርዶ፥ የነፍስ ማዳኛውን ጀልባ ቈጥሮ፥ የወደቡንም ሕዝብ ጠይቆ እንደ ሆነ ፈልግ። ይህን ያደረገ ጸሐፊ ቢያመሰግን እመነው፤ ቢነቅፍም ስማው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ልጆቹን ይዞ ለሚሳፈር ሰው ግን እውነቱ መርከቡ ሳይነሣ ቢጠራለት ይሻላል።