ዘውዱን ትቶ ሰሌዳውን ያልተወ

ማዕረግን በፈቃድ መልቀቅ ሲነሣ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ቀድመው የሚታወሱት ዐፄ ካሌብ ናቸው። በትውፊቱ መሠረት ንጉሡ ከናግራን ዘመቻ በድል ከተመለሱ በኋላ ዘውዳቸውን ወደ ኢየሩሳሌም ልከው መነኑ። ኖርዌያዊው የቼዝ ሻምፒዮን ማግነስ ካርልሰን እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2022 ማዕረጉን ለመከላከል እንደማይቀርብ ሲያስታውቅ ግን ከሰሌዳው አልመነነም፤ በቀጣዩ ዓመት ነሐሴ ወር ባኩ ላይ የዓለም ዋንጫን አሸንፏል። ስለዚህ «ሰልችቶት ነው» የሚለው ማብራሪያ ብዙ አያስኬድም።

ካርልሰን ራሱ የሰጠው ምክንያት ለግጥሚያው የሚያነሣሣው ነገር ማጣቱን ነው። ቁም ነገሩ «ለግጥሚያው» የሚለው ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ለንደን ላይ ከፋቢያኖ ካሩአና ጋር ያደረጋቸው 12 መደበኛ ጨዋታዎች በሙሉ በአቻ ተጠናቀቁ፤ በማዕረጉ ታሪክ እንዲህ ሲሆን የመጀመሪያው ነበር። አሸናፊው የተለየው በፈጣን ጨዋታ፣ 3 ለ 0 ነው። በ2021 ዱባይ ላይ በ136 እርምጃ የረታበት ድንቅ ጨዋታ እንኳ የመጣው ከአምስት ተከታታይ አቻዎች በኋላ ነው። ጥቂት ጨዋታዎች ብቻ በሚወስኑት ግጥሚያ አንድ ሽንፈት ብዙ ያስከፍላል፤ ወራት የሚፈጀውም ዝግጅት በኮምፒውተር የተመረመሩ መክፈቻዎችን ማጥናት ነው።

የአገራችን ሰንጠረዥ እዚህ ላይ ጥሩ ማነጻጸሪያ ይሆናል። መርጡለ ማርያምን ያሠሩት እቴጌ እሌኒ በሞግዚትነት የጠበቁላቸው ዐፄ ልብነ ድንግል ከአንድ ቬኒሳዊ ጋር ሰንጠረዥ ይጫወቱ እንደነበር ተጽፏል። በዚህ ጨዋታ የመጀመሪያው መማረክ እስኪሆን ድረስ ሁለቱም ወገኖች ተራ ሳይጠብቁ ያንቀሳቅሳሉ፤ ይህም «ወረራ» ይባላል። ባላጋራ በየቅጽበቱ አሰላለፉን ሲለውጥ የተሸመደደ መክፈቻ ምን ይፈይዳል? በፈረስ ወይም በደር ንጉሥን መግደል እምብዛም አያስመሰግንም፤ የሚያስከብረው በደካሞቹ ጠጠሮች መርታት ነው። ማን አሸነፈ ከሚለው ይልቅ እንዴት አሸነፈ የሚለው ይመዘናል።

ካርልሰንም ከማዕረጉ ከወረደ ወዲህ አጥብቆ የደገፈው የኋላው ረድፍ በዕጣ የሚደረደርበትን ቼዝ ነው፤ በዚያም ጥናት የተባለው ስንቅ ገና ከመጀመሪያው እርምጃ ያልቃል። የውሳኔው ዕዳ ግን ለሌላ ሰው ተረፈ። ዲንግ ሊረን እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 አስታና ላይ ኢያን ኔፖምኒያሺን ረትቶ ባዶውን ዙፋን ሲወርስ፣ በዓለም ደረጃ አንደኛው ተጫዋች በሕይወት፣ በጤናና በውድድር ላይ ነበረ።