ግሸንን ማን ወሰዳት?

የከተማ ልጅ አምባሰልን በቅኝቱ፣ ሐይቅን በእስጢፋኖስ ገዳም፣ ግሸንን በመስከረም 21 ንግሥ ያውቃል። የድሮ ፈረንጆች ደግሞ በካርታ ነበር የሚያውቁን። አቤት አስተዋወቃቸው!

ነገሩ የሚጀምረው ከእስያ ነው። «ቄሱ ዮሐንስ» የሚሉትን ባለጸጋ ክርስቲያን ንጉሥ መጀመሪያ የፈለጉት እዚያ ነበር። ሲያጡት ተስፋ አልቆረጡም፤ ከነዙፋኑ አንስተው ወደኛ አመጡት። ኦርቴሊየስ የተባለ ካርታ ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1573 ያወጣው ካርታ የቄሱን ግዛት ከምድር ወገብ ወደ ደቡብ አሻግሮ ይለጥጠዋል። «የአማራ ተራራ» የሚል ቦታም አለው፤ የንጉሡ ልጆች በዘብ የሚጠበቁበት ነው ይላል።

ይኼ እንግዲህ የኛው አምባ ግሸን መሆኑ ነው። የእስሩ ነገር እውነት ነው፤ ግን እ.ኤ.አ. በ1540 ገደማ የግራኝ ጦር አምባውን ሰብሮ እስር ቤቱ አክትሟል። ካርታው ከ30 ዓመት በኋላም ልጆቹን ያስጠብቃል! እንግሊዛዊው ባለቅኔ ሚልተን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1667 ተራራውን ከምድር ወገብ ሥር አስቀመጠው። ግሸን ከምድር ወገብ ከ1,200 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ሰሜን ነው።

ኦርቴሊየስ አገራችንን ረግጦ አያውቅም፤ የሠራው ከመጻሕፍት ቃርሞ ነው። ጀርመናዊው ሉዶልፍም አልረገጠም። ግን የአገሩን ሰው ጠየቀ። የመካነ ሥላሴውን አባ ጎርጎርዮስን እ.ኤ.አ. በ1649 ሮም ላይ አገኛቸው፤ በ1652 ደግሞ ጀርመን፣ ጎታ ድረስ ጋበዛቸው። እሳቸው የነገሩትን እዚህ ኖረው ከሄዱት ኢየሱሳውያን ጽሑፍ ጋር አገናዝቦ እ.ኤ.አ. በ1683 ባወጣው ካርታ አገራችን ወደ ቦታዋ ተመለሰች። የነገሩትንም ሰው ስም አልደበቀም።

ይህን ሁሉ የማነሳው በፈረንጅ ለመሳቅ አይደለም። በ2014 ዓ.ም ጦርነቱ ሐይቅና አምባሰል ሲደርስ ብዙዎቻችን የተከታተልነው በስልካችን፣ ቀለም በተቀባ ካርታና በቀስት ነበር። ማን ያዘ? ማን ለቀቀ? ቀስቱ ያለፈባት እናት የት እንዳደረች፣ ለልጆቿ ምን እንዳበላች ካርታው አይናገርም። የሚናገር ሰው ካልተጠየቀ ደግሞ የሚቀረው ቀስቱ ብቻ ነው።

እኛ ጸሐፊ ነን ባዮች ከአዲስ አበባ ተቀምጠን ስለ ወሎ ስንጽፍ ከሁለቱ የትኛውን ነን? ሉዶልፍ አንድ ሰው ለመጠየቅ ከሮም እስከ ጎታ ደክሟል። ለእኛ ሐይቅ የአንድ ስልክ ጥሪ ያህል ነው የምትርቀው።